የተሰነጠቀው ጅራታም ኮከብ

አያቶቻችን ጅራታም ኮከብ ሲያዩ ጦርነት፣ ረሃብ ወይም የንጉሥ ሞት ሊመጣ ነው ብለው ይሰጉ ነበር። ስጋቱ የእኛ ብቻ አልነበረም፤ አውሮፓውያንም ለዘመናት ፈርተውታል።

ፍርሃቱን ያቀለለው በትዕግሥት መመልከት ነው። እ.ኤ.አ. በ1826 ቢዬላ የተባለ የኦስትሪያ ጦር መኮንን አንድ ጅራታም ኮከብ አገኘ፤ በየ6 ዓመት ከመንፈቅ ገደማ እንደሚመለስም ታወቀ። በ1846 ለሁለት ተሰንጥቆ ታየ። በ1852 ሁለቱ ይበልጥ ተራርቀው መጡ፤ ከዚያ ወዲህ ያያቸው የለም። በ1872 ምድር መንገዳቸውን ስታቋርጥ ስብርባሪያቸው እንደ ዝናብ በተወርዋሪ ኮከብነት ታየ፤ ማንንም አልጎዳም።

በ1995 የተሰባበረው ሽቫስማን-ቫክማን 3 ደግሞ በ2006 ከምድር በ12 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ሲያልፍ፣ ሰማይ መመልከት የሚወዱ ተራ ሰዎች ቁርጥራጮቹን በባይኖኩላር ተከታትለዋል።

ዛሬ ከጉለሌ በላይ፣ እንጦጦ ላይ፣ ባለ 1 ሜትር መስተዋት 2 ቴሌስኮፖች ቆመዋል። ለጅራታም ኮከብ ግን ባይኖኩላርና ደብተርም ብዙ ያሠራሉ።

ወጣቶች ሆይ፣ ኤርምያስ ምዕራፍ 10 በሰማይ ምልክት እንዳንደነግጥ ይመክረናል። ነገ አንዱ «ጅራታም ኮከብ ወጣ፣ መዓት መጣ» ቢለን፣ ወሬውን ከማዛመታችን በፊት ወጥተን እንየው፤ ቀኑንና ሰዓቱንም እንጻፍ።