ገዳይ ያለው ሞትና ገዳይ የሌለው ሞት

ከዳባት እስከ ደባርቅ፣ ከዚያም እስከ ስሜን ተራሮች ግርጌ በጥይት የወደቀ ሰው ስሙ ከነገዳዩ ይነገራል። ደሙ ይፈለጋል፤ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ የደም ካሣ ይቆረጣል። በወባ ወይም በወሊድ የሞተ ግን «ቀኑ ደርሶ ነው» ተብሎ ይቀበራል። ለመሆኑ ሁለቱንም ሞት ሰው ሊያስቀረው አይችልም ነበርን?

ታሪካችንም በዚሁ ሚዛን የተመዘነ ነው። በ1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤ በስሜን ድል ሆነው ደጃዝማች ካሣ በደረስጌ ማርያም ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው መንገሣቸውን ሁላችንም እናውቃለን። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ የከብት እልቂት በሬውን ፈጅቶ፣ እርሻው ቆሞ፣ ረኃብና ተላላፊ በሽታ ሲከታተሉ ግን በዘመኑ ከተደረገ ከማናቸውም ጦርነት የበለጠ ሕዝብ አለቀ። ሕዝቡም «ክፉ ቀን» አለው። ቀኑን ሰየመ እንጂ ገዳይ አልሰየመም።

በደንቢያ ሜዳ ወባ ሕዝቡን ከፈጀ በኋላ የጎንደር ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ተቋቋመ። ሆኖም በ1950 ክረምት የተነሣው ወረርሽኝ በመላ አገሪቱ 150,000 ያህል ሰው እንደጨረሰ ተገምቷል። የኮሌጁ ወራሽ የሆነው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1996 በዳባት ባቋቋመው የጥናት ማዕከል ቤተሰብ እየተጠየቀ የእያንዳንዱ ሟች የሞት ምክንያት ይመዘገብ ጀመር። «ቀኑ ደርሶ ነው» የሚለው ቃል በዚህ መዝገብ ቦታ የለውም።

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ በዳባት ወረዳ ጭና ላይ በትግራይ ኃይሎች የተገደሉትን ሲቪሎች የአካባቢው ባለሥልጣናት ከ100 በላይ ሲሉ፣ ሂዩማን ራይትስ ዎች የ26ቱን መረሸን መዘገበ፤ የሕወሓት ወገን አስተባበለ። በቁጥሩ መከራከራችን ተገቢ ነው፤ እያንዳንዷ ነፍስ ልትቈጠር ይገባልና። እ.ኤ.አ. በ2024 ግን በአሥር ወር ባልሞላ ጊዜ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በወባ መታመማቸውና 1,157 መሞታቸው በዓለም ጤና ድርጅት ሲገለጽ ማን ተከራከረ? ማንስ ተጠየቀ?

ጦርነት መንገድ ሲዘጋ፣ ጤና ጣቢያ ሲዘረፍ፣ አጎበርና መድኃኒት ከመንገድ ሲቀር፣ ጥይት ያልነካትም እናት በወሊድ ትሞታለች። የእርሷም ሞት ገዳይ አለው፤ ስሙን የሚጠራ ግን አልተገኘም። በጥይት ለወደቀው የምናለቅሰውን አንቀንስ። «ማን ገደለው?» የሚለውን ጥያቄ ግን ለሌሎቹም ሟቾች እንጠይቅ። ጥያቄው ካልተነሣ «ክፉ ቀን» ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም።