ከሚሺጋን ሐይቅ በላይ

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1911 ሚሺጋን ሐይቅ ዳር በሚገኘው የቺካጎ ግራንት ፓርክ ዘጠኝ ቀን የፈጀ የአውሮፕላን ትርኢት ተካሄደ። ሕዝቡ ከነወዳጅ ዘመዱ ጎርፎ ሰማይ ሰማዩን ሲያይ ዋለ። ከአብራሪዎቹ ሁለቱ፣ ዊልያም ባጀርና ሴንት ክሮይ ጆንስቶን፣ በአንድ ቀን ተከስክሰው ሞቱ።

በ1933 የሙሶሊኒ የአየር ኃይል ሹም ኢታሎ ባልቦ 24 የባሕር አውሮፕላኖች እየመራ እዚያው ሐይቅ ላይ አረፈ፤ ከተማዋም መንገድ ሰየመችለት። ከሁለት ዓመት በኋላ ፋሺስት ኢጣልያ ኢትዮጵያን ስትወር፣ የንጉሠ ነገሥቱን ትንሽ አየር ኃይል የመራው በዚያችው ቺካጎ በረራ የተማረው ጥቁር አሜሪካዊ ጆን ሮቢንሰን ነበር። ከሁለቱ መንገድ ሊሰየምለት የሚገባው እሱ ነበር!

ዛሬ በየነሐሴው ሐይቁ ዳር በነጻ የሚታየው ትርኢት የተጀመረው በ1959፣ በ88 ዶላር በጀት ነው።