ወይንና ጠጅ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አገር

ለዚህ የኢዮቤልዩ መጽሔት ስለ አገራችን ታሪክ ጥቂት እንድጽፍ የደብራችን አባቶች አዘዙኝ። ስለ ነገሥታቱና ስለ መኳንንቱ ብዙ ሰዎች ጽፈዋልና፣ እኔ ዘወትር በዓይናችን ፊት ሳለ ማንም ታሪክ ብሎ የማይቆጥረውን ነገር መረጥሁ፤ ይኸውም በመቅደስ የሚቀርበው ወይንና በግብዣ የሚቀዳው ጠጅ ነው።

በባሕር ማዶ የወይን አገር የሚባለው ኮረብታው ሁሉ በወይን ሐረግ የተሸፈነ አገር ነው፤ እንግዳ መጥቶ ይጎበኘዋል፣ ከተሞቹም በዚያ ይከብራሉ። በዚህ መስፈሪያ ከተለካ ምዕራብ ጎጃም የወይን አገር አይደለም፤ የማር አገር ነው። ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው በአደይ አበባ ሲሞላ ንብ ትሠራለች፤ በኅዳር ገደማም ገበሬው ቀፎውን ይቆርጣል። ማሩ ከሦስት ወይም ከአራት እጅ ውሃ ጋር ይበረዛል፤ በወይራ በታጠነ ጋን ጥቂት ቀን ከሰነበተ በኋላም ጌሾ ይገባበታል። የቀረው ሰፈፍ ደግሞ ቀልጦ ሰም ይሆንና ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ ይወጣዋል። እንግዲህ አንዲት ቀፎ ለሁለት ቤት ትገብራለች፤ ማሯ ለሰርግና ለዝክር፣ ሰሟ ለመቅደስ። ዋሸራና ጎንጅ ባሉበት በጎጃም ምድር የቅኔ መምህራን የላዩን ምሥጢር ሰም፣ የውስጡን ወርቅ ብለው መጥራታቸው ከአንጥረኛ የተወሰደ ምሳሌ ነው፤ ነገር ግን ሰም በየቤቱ በማይገኝበት አገር ይህ ምሳሌ እንዲህ ሥር የሚሰድ አይመስለኝም። (ጠጅ ቤቱ ከቤተ ክርስቲያኑ ቀድሞ የሚሞላበት ሰንበት መኖሩን አልክድም፤ እርሱን ግን ለሰባክያን እተወዋለሁ።)

ቡሬ የቆየ የገበያ አገር ነው። በአባይ በረሃ ተሻግሮ ወደ ወለጋ የሚወስደው መንገድ በዚያ ያልፋልና፣ ነጋዴው ከደቡብ ቡናና ወርቅ፣ ከሰሜንም አሞሌ ጨው ይዞ ይመላለስበት ነበር። ዛሬም የቡሬ በርበሬ በአገሩ ሁሉ የታወቀ ነው። ወደ ሰከላ የወጣ ሰው ደግሞ የአባይን ምንጭ ግሽ አባይን ያያል፤ ጻድቁ አቡነ ዘርዐ ብሩክ መጻሕፍታቸውን ለውሃው አደራ ሰጥተው ሳይርሱ እንደ ተቀበሉ በዚያ ይነገራል፤ በጥር 13 ቀንም ሕዝቡ ለበዓላቸው ይሰበሰባል። የኢየሱሳውያን ካህን ጴጥሮስ ፓኤዝ በ1610 ዓ.ም.፣ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም በ1763 ዓ.ም. ይህን ምንጭ ለማየት መጥተዋል። ከሩቅ የመጣ ሰው ያንን ያህል ሲደክምለት፣ የቅርቡ ሰው ሳያየው መሞቱ ያስገርማል።

ፍኖተ ሰላም ግን በስሟ ገና ወጣት ናት፤ የቀድሞ ስሟ ወጀት ነበረ። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ወደ አገራቸው ገቡ። በእንግሊዛዊው መኰንን በዊንጌት የሚመራውና በመጽሐፈ መሳፍንት በተነገረው በጌዴዎን ስም የተጠራው ጥቂት ሠራዊት፣ ከጎጃም አርበኞች ጋር ሆኖ፣ ከርሱ እጅግ የሚበዛውን የጠላት ጦር በየካቲት ወር መጨረሻ ከቡሬ አስለቀቀ። ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ በዚህ አገር የደከሙትን ድካም አባቶቻችን ያውቁታል። ጠላት በደምበጫ በኩል ሸሸ፤ ንጉሠ ነገሥቱም መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ፣ ሚያዝያ 27 ቀንም አዲስ አበባ ገቡ። ያ የመመለሻ መንገድ ባለፈባት በወጀት ላይ ፍኖተ ሰላም የሚል ስም ተሰየመ፤ ይህም ቃል በሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 1 በካህኑ በዘካርያስ ትንቢት ፍጻሜ ላይ የሚገኝ ነው። በኋላም ከተማይቱ የቆላ ደጋ ዳሞት አውራጃ፣ ከዚያም የምዕራብ ጎጃም ዞን ዋና ከተማ ሆነች። በነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በዚህች የሰላም መንገድ በተባለች ከተማ መካከል ከአየር በወረደ ጥቃት ከ20 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። ነፍሳቸውን በአብርሃምና በይስሐቅ በያዕቆብም አጠገብ ያኑርልን። ከዚህ በላይ ስለዚህ ነገር ብዕሬ አይሄድልኝም።

ወደ ተነሣሁበት ልመለስ። ጠጅ ምንም ቢከብር ወደ መቅደስ አይገባም፤ መሥዋዕቱ ከስንዴና ከወይን ፍሬ በቀር ከሌላ እንዳይሆን ሥርዓታችን አጽንቶ ይከለክላልና። ወይን በማይበቅልበት አገር አባቶች ይህን ሥርዓት የጠበቁት በዘቢብ ነው። ዲያቆኑ በቤተ ልሔም ዘቢቡን አጥቦ በውሃ ይዘፈዝፈዋል፤ ከዚያም ጨምቆ ለጽዋው ያዘጋጀዋል። በ1512 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ካህን አልቫሬዝ ይህንኑ ሥርዓት አይቶ ጽፎታል። ከዚያ ወዲህ አምስት መቶ ዓመት አልፎ፣ ነገሥታት ተለዋውጠው፣ ይህ አልተለወጠም። ምእመናንም መገበሪያ ብለው ስንዴውን፣ ዘቢቡን፣ ዕጣኑንና ጧፉን በየተራቸው ያመጣሉ።

ዳሩ ግን ስንዴው ከማሳችን፣ ጧፉም ከቀፏችን ሲሆን፣ ዘቢቡ ከገበያ ነው። የገበያው ዘቢብ ብዙ ጊዜ ከባሕር ማዶ ይመጣል፤ እርስ በርሱ እንዳይጣበቅም ዘይት የሚቀባ አለ። ምንም ሌላ ነገር እንዳይቀላቀልበት ለምንጠነቀቅለት ጽዋ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መንገድ በተዘጋ ጊዜ ደግሞ ዘቢብ ይወደዳል፤ አንዳንዴም ይጠፋል። ዘቢብ ከጠፋ ቅዳሴ የለም። ስለዚህ ብዙ ገንዘብ ለቆርቆሮና ለቀለም ከምናወጣ ጥቂቱን ለወይን ተክል ብናውለው ይሻላል እላለሁ።

አይበቅልም የሚሉ አሉ። ነገር ግን ብሩስ ከጣና በምሥራቅ ያለውን የቃሮዳን አገር የወይን አገር አድርጎ ጽፎታል፤ በዘመናችንም በዝዋይ ሰፊ የወይን እርሻ አለ። የእኛ አገር ችግሩ የክረምቱ ዝናብ ነው፤ ፍሬው በዝናብ ከደረሰ ይበሰብሳል። ሐረጉ ግን ዝናቡ ሲያበቃ በጥቅምት ቢገረዝ ፍሬው በበጋ ይደርሳል፤ ፀሐዩም ዘቢብ አድርጎ ያደርቀዋል። ቁርጡ ተተክሎ በደኅና ቢያዝ በሦስተኛው ዓመት ግድም ማፍራት ይጀምራል። ቦታውም ከቤተ ልሔሙ በስተ ምሥራቅ፣ ፀሐይ ከጠዋት እስከ ማታ ከማይለይበት ከቅጥሩ ሥር ቢሆን፣ ዲያቆናቱም ውሃ ለማጠጣት ሩቅ አይሄዱም።