የአባቴ ሌንስ

ጥንታዊ መልክ የተሰጣቸውን ዲጂታል ካሜራዎች ለረጅም ጊዜ ሳጣጥል ኖሬአለሁ፤ ናፍቆትን መቸርቸር ይመስለኝ ነበርና። አቋሜን ያናጋው ከወዳጄ የተዋስሁት፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ኒኮን ዲኤፍ ነው። በአናቱ ላይ የተደረደሩት መዘውሮች አልማረኩኝም፤ ጌጥ ናቸው ቢባል አልከራከርም። የማረከችኝ በሌንሱ መግጠሚያ ጠርዝ ላይ ያለች ትንሽ ዘንግ ናት። በሌሎቹ የኩባንያው ትላልቅ ዲጂታል ካሜራዎች ላይ ይህች ዘንግ ስለማትታጠፍ ጥንታዊ ሌንስ ሲገጠም ልትሰበር ትችላለች፤ በዚህኛው ላይ ግን ታጥፋ መንገድ ትለቃለች። እ.ኤ.አ. በ1959 ከኒኮን ኤፍ ጋር የተወለደው መግጠሚያ፣ ከ54 ዓመት በኋላም ለቀደምት ሌንሶቹ በሩን አልዘጋም ማለት ነው።

እኔም ከመወለዴ በፊት የተሠራውን የአባቴን 50 ሚሊሜትር ሌንስ ከሣጥን አውጥቼ ገጠምሁበት። ካሜራው በራሱ አያጠራም፤ እንደ ፊልም ዘመን ካሜራዎችም ሁለት የተከፈለ ምስል አሳይቶ አይረዳም (ይህን መንፈጋቸው ዛሬም ይገርመኛል)። ቀለበቱን በጣቴ እያዞርሁ የእናቴን ዐይን ፈለግሁ። ሦስት ጊዜ ሳትሁ።

እናቴ ፈገግታዋ እስኪዝል ጠበቀችኝና፣ «አባትህም እንዲሁ ነበር የሚያስቆመን» አለችኝ።