ምላስ ለምስክርነት ሲጠራ

«መራራ» የምትለውን ቃል በስንኝ ውስጥ ባኖርኳት ቁጥር አንድ የቤተ ሙከራ ታሪክ ትዝ ይለኛል።

እ.ኤ.አ. በ1931 አርተር ፎክስ የተባለ የዱፖንት ኩባንያ ኬሚስት፣ ፌኒልታዮካርባማይድ የተሰኘ ዱቄት ሲገለብጥ ብናኙ ከአየሩ ተቀላቀለ። ባልደረባውን እንደ ኮሶ መረረው፤ ለዱቄቱ ይበልጥ የቀረበው ፎክስ ግን አንዳች አልቀመሰም። ተከራከሩ፤ ደግመውም ቀመሱ። ዱቄቱ አንድ፣ ምላሱ ግን ሁለት ሆኖ ተገኘ።

ወዲያው ሎረንስ ስናይደር ቤተሰቦችን እያስቀመሰ መረመረ። አለመቅመስ ከእናትም ከአባትም ሲወረስ ብቻ የሚገለጥ ድብቅ ባሕርይ ነው ሲልም ደመደመ። በዚህ ጊዜ ነገሩ ከቤተ ሙከራ ወጥቶ ከሰው ጓዳ ገባ፤ ለአባትነት ክርክርም ማስረጃ ተደርጎ ተጠራ። የማይቀምሱ ባልና ሚስት የሚቀምስ ልጅ ቢወልዱ፣ ጥርጣሬው የሚያርፈው በእናቲቱ ላይ ነበር።

ይሁንና ስናይደር ራሱ በ1932 ባወጣው ጥናት፣ ከማይቀምሱ ወላጆች ከተወለዱት 223 ልጆች 5ቱ ቀማሾች ነበሩ። ከእርሱ በኋላ የመጡትም እንዲህ ያሉ ልጆችን አግኝተዋል። በ2003 በ7ኛው ክሮሞዞም ላይ የተለየው ዘረ መል አብዛኛውን ልዩነት ቢፈታም፣ ሁሉን አልፈታም። ምላስ ይወርሳል፤ በእናት ላይ ለመመስከር ግን አይበቃም።

አንባቢ ሆይ፣ እኔን ያንገሸገሸኝ ለእርስዎ ውኃ ውኃ ቢል ቃሌን ሐሰት አይበሉት። ምናልባት የተለያየነው ገና ከእናታችን ማኅፀን ነው።