ስለ እግር ደም ቅዳ ቀዶ ሕክምና ውጤት፤ ከእንፍራንዝ ሲታይ

በእንፍራንዝ አጠገብ ካለው ኮረብታ ላይ የጉዛራ ቤተ መንግሥት ይታያል፤ የተሠራውም በዐፄ ሠርፀ ድንግል ዘመን ነው ይባላል። ንጉሠ ነገሥቱ ዙፋን በያዙ በዓመቱ፣ በ1564 (ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንጽፋለን)፣ ፈረንሳዊው ሐኪም አምብሯዝ ፓሬ እግር በሚቆረጥበት ጊዜ በጋለ ብረት ከመተኮስ ይልቅ የደም ሥሩን በክር ማሰር የሚሻል መሆኑን የሚያስረዳ መጽሐፍ አሳተመ። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጥናቸው ዝምድና ኖሯቸው አይደለም። የዚያን ዘመን ሐኪም ጥበብ፣ በፓሪስም ቢሆን፣ ደምን ማቆም እንጂ ደምን ማሳለፍ አለመሆኑን ለማስታወስ ነው።

ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1699፣ ሻርል ፖንሴ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ዐፄ ኢያሱን ለማከም ጎንደር ገባ፤ እንፍራንዝንም አይቶ በጉዞ መጽሐፉ ጽፎላታል። የእግሩ ደም ሥር የተደፈነበት ሰው በዚያ ቀን እንፍራንዝ ላይ ቢያገኘው ኖሮ ፖንሴም ሆነ የአገራችን ባለመድኃኒት ሊያደርጉለት የሚችሉት አንድ ነበር፤ የሞተውን ክፍል መቁረጥ፣ አለዚያም መጠበቅ።

ለውጡ የመጣው ዘግይቶ ነው። አሌክሲስ ካሬል በ1902 የተቆረጠ የደም ሥር እንዴት እንደሚሰፋ አሳየ፤ በ1912ም የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ይሁን እንጂ መርፌው ብቻውን አልበቃም። ደም በስፌቱ ላይ እንዳይረጋ የሚከለክለው ሄፓሪን እስኪገኝ፣ የተደፈነውም ቦታ በራጅ እስኪታይ ድረስ ብዙ ዓመት አለፈ።

በ1948 ዣን ኩንላን በፓሪስ እግሩ መሞት የጀመረ ሰው አጋጠመው። ሰውዬው አስቀድሞ ተቀዶ አልተሳካለትም ነበር። ኩንላን የተደፈነውን ሥር ትቶ፣ ከዚያው ሰው እግር ደም መልስ ሥር ወስዶ፣ ከድፍኑ በላይና በታች ካለው ደም ቅዳ ጎን ላይ ሰፋው። (ደም ቅዳ ደምን ከልብ የሚያወጣው፣ ደም መልስ ወደ ልብ የሚመልሰው ነው።) መስኖው የተደረመሰበት ገበሬ ከላይ አዲስ ቦይ ቀዶ ውሃውን ከታች እንደሚያገናኘው ማለት ነው። በደም መልስ ውስጥ ደሙን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉ ክዳኖች ስላሉ ሥሩ ተገልብጦ ይሰፋል፤ ይህ ከተረሳ ቦዩ ውሃ አያሳልፍም።

የጦርነትም ትምህርት ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደም ቅዳቸው ከቆሰለባቸው 2,471 አሜሪካውያን መካከል ሥሩ የተሰፋላቸው 81 ብቻ ነበሩ። ሥሩ ከታሰረባቸው ግማሽ ያህሉ፣ ቁስሉ ከጉልበት በስተኋላ በሆነ ጊዜ ደግሞ ከ100 ከ70 በላይ የሚሆኑት፣ እግራቸውን አጡ። የቃኘው ሻለቃ ወታደሮቻችን ከ1951 ጀምሮ ከአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር ጋር በተሰለፉበት በኮሪያ ጦርነት ግን መስፋት በተለመደ ጊዜ ቍጥሩ ወደ 13 ከ100 ወረደ። ከስፌቱም ሌላ ቍስለኛው በሄሊኮፕተር ቶሎ ሐኪም ዘንድ መድረሱ ረድቷል። ደም ፈጽሞ የተቋረጠበት እግር ከ6 ሰዓት ያህል በኋላ ሥጋው መሞት ይጀምራልና።

ቀስ በቀስ ለሚደፈን እግር ግን ውጤቱ የሚቆጠረው በዓመታት ነው። በ1986 በታተመ ጥናት፣ ከጉልበት በታች ወደሚገኙት ቀጫጭን ሥሮች ከተዘረጉት ቦዮች መካከል ከ4 ዓመት በኋላ ሳይደፈኑ የቆዩት በራስ ደም መልስ የተሠሩት ከ100 49፣ በሰው ሠራሽ ቱቦ የተሠሩት ከ100 12 ብቻ ነበሩ። ከዚህ ወዲህ ሥሩን ከውስጥ በፊኛ የመክፈት ዘዴ መጣና ክርክር ተነሣ። በ2022 የወጣው ትልቅ ጥናት ጥሩ ደም መልስ ላላቸው ቀዶ ሕክምናው እንደሚበልጥ አገኘ፤ በ2023 የወጣው የእንግሊዞች ጥናት ደግሞ ከጉልበት በታች ለተደፈነባቸው 345 ሕመምተኞች ፊኛውን መረጠ፤ የለየውም በይበልጥ የሟቾች ቍጥር ነው። እኛ ሁለቱን በግድ ለማስታረቅ አንሞክርም። ቦዩ ክፍት ሆኖ ሕመምተኛው ከሞተ ግን ውጤቱ መልካም ነው ለማለት እንቸገራለን።

ከእንፍራንዝ እስከ ጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በመኪና ስንሄድ ከአንድ ሰዓት ብዙ አልዘገየንም። አዲስ አበባ ግን፣ በአገራችን ጥቂት ከሆኑት የደም ሥር ቀዳጆች አብዛኞቹ ያሉባት፣ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ስለሆነም አንዳንድ ጓደኞቻችን ችግሩ ሁሉ መሣሪያ ነው ይላሉ። እኛ በዚህ አንስማማም፤ ጊዜው የሚባክነው ከመንገዱ በፊት ነውና። የስኳር በሽታ ያለበት ገበሬ እግሩ ስለደነዘዘ እሾህ ሲወጋው አያውቅም፤ ቍስሉ እስኪጠቍር ድረስ ከቤት ይቆያል፤ ያን ጊዜ ቦይ የሚቀዳበት ሥጋ አይገኝም።

በ1954 የተከፈተው የጎንደር የጤና ጥበቃ ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በቡድን እያሠለጠነ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች ይልክ ነበር። የተደፈነ እግር ቀድሞ የሚገኘው እንዲህ ባለ ጣቢያ ነው፤ ጫማ አስወልቆ፣ ሁለት ጣት በእግሩ ጀርባ ላይ አሳርፎ፣ ትርታው መኖር አለመኖሩን በማዳመጥ።