ካዡዋልና ሃርድኮር የቪዲዮ ጌም ተጫዋቾች

ካዡዋል እና ሃርድኮር የቪዲዮ ጌም ተጫዋቾችን ለመለየት በዓለም ዙሪያ የሚሠራባቸው ሁለት መጠሪያዎች ናቸው። ካዡዋል የሚባለው ክፍት ጊዜ ሲያገኝ የሚጫወት፣ ጨዋታው ቶሎ እንዲገባውና ባሻው ሰዓት እንዲያቆመው የሚፈልግ ሰው ነው። ሃርድኮር የሚባለው ደግሞ ለጨዋታው ሰዓት መድቦ፣ ስልቱን አጥንቶ፣ አንዳንዴም ከቡድን ጋር ተቀጣጥሮ የሚጫወት ነው። አብዛኛው ተጫዋች ያለው በሁለቱ መካከል ሲሆን፣ የጌም ኢንዱስትሪው ለዚህ መሃል ሰፈር ሚድኮር የሚል ስም አውጥቶለታል። (በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ሰዎች ሁለቱን ወገኖች ብዙ ጊዜ የሚለዩት በሚጫወቱት ሰዓት ብዛት ነው። ይህ መስፈሪያ ግን አያዛልቅም። ኪንግ የተባለው ኩባንያ በ2012 ያወጣውን ካንዲ ክራሽ ሳጋን እንውሰድ። ተጫዋቹ አምስት ነፍስ ይሰጠዋል፤ አንድ ደረጃ ላይ በተሸነፈ ቁጥር አንዷ ትቀነስበታለች፣ የተቀነሰችው እስክትመለስም 30 ደቂቃ መጠበቅ አለበት። ስለዚህ ጨዋታው የሚካሄደው በቁርጥራጭ ጊዜ ነው፤ የታክሲ ሰልፍ ላይ፣ ቡና እስኪፈላ፣ እንቅልፍ እስኪመጣ። ቁርጥራጩ በዓመታት ሲደመር ግን ብዙ ነው። ብዙ መቶ ደረጃዎችን ያለፈች እናት "ጌም ትጫወቻለሽ?" ስትባል "እኔ? ኧረ በፍጹም!" ብትል የሚገርም አይደለም። በአንጻሩ ቅዳሜ ማታ ብቻ ከጓደኞቹ ጋር አንድ ከባድ ጨዋታ የሚጫወት ወጣት ራሱን ያለማመንታት ጌመር ይላል። ከሰዓቱ ይልቅ የሚለያያቸው ራሳቸውን ከማን ጎራ እንደሚቆጥሩ ነው።

ፒው የምርምር ማዕከል በ2015 አሜሪካ ውስጥ ያካሄደው ጥናት ይህን በቁጥር አሳይቷል። ከአገሪቱ አዋቂዎች 49 በመቶው የቪዲዮ ጌም እንደሚጫወቱ ሲናገሩ፣ ጌመር የሚለው ስም ይገልጸኛል ያሉት 10 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከወንዶች 50 በመቶው፣ ከሴቶች ደግሞ 48 በመቶው ይጫወታሉ፤ ልዩነት የለም ማለት ይቻላል። ስሙን የተቀበሉት ግን ከወንዶች 15 በመቶ፣ ከሴቶች 6 በመቶ ናቸው። ከ18 እስከ 29 ዓመት ባሉት መካከል ክፍተቱ ይሰፋል፤ ወንዶቹ 33 በመቶ፣ ሴቶቹ 9 በመቶ። የመገናኛ ብዙኃን ተመራማሪዋ ኤድሪየን ሾውም ራስን ጌመር ብሎ መጥራትና ጌም መጫወት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን በ2012 ባሳተመችው ጽሑፍ አስረድታለች። አንድ ሰው ራሱን ካዡዋል ሲል አንዳንዴ ስለ ጨዋታው ሳይሆን "ከእነዚያ ውስጥ አትቁጠሩኝ" ማለቱ ነው።

የዴንማርኩ የጌም ምሁር የስፐር ዩል ስለ ካዡዋል ጌሞች በጻፈው መጽሐፍ ጉዳዩን ወደ ጨዋታዎቹ አሠራር አዞረው። ተለምዷዊው ግምት ካዡዋል ተጫዋች ጥቂት ሰዓት እንደሚጫወትና ፈተና እንደማይወድ ነው። ዩል ያገኘው ግን ብዙዎቹ ረጅም ሰዓት እንደሚጫወቱና ከባድ ደረጃን እንደማይሸሹ ነው። እንደ እርሱ አባባል ዋናው ልዩነት ጨዋታው ለተጫዋቹ ኑሮ የሚሰጠው ስፍራ ላይ ነው። ካዡዋል ጌም አምስት ደቂቃ ያለውንም አምስት ሰዓት ያለውንም ያስተናግዳል። ሃርድኮር ጌም ግን ገና ከመነሻው ብዙ ሰዓትና እውቀት ይጠይቃል፤ ይህን ማቅረብ ያልቻለውን አያስገባም። በዘርፉ ከተሰጡት ማብራሪያዎች ሁሉ ይበልጥ የሚያሳምነው ይህ ነው፤ ጥፋቱን ከሰውየው ላይ አንስቶ ኑሮውን እንድናይ ያደርጋልና።

ካዡዋልንና ሃርድኮርን የሚለየው መስመር እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ከወርልድ ኦቭ ዋርክራፍት የተሻለ የሚያሳይ ጨዋታ ማግኘት ያስቸግራል። ብሊዛርድ በ2004 ያወጣው ይህ የኦንላይን ጨዋታ በ2010 የከፋዮቹ ቁጥር 12 ሚሊዮን ደርሶ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የጨዋታው ማማ ሬይድ የሚባለው ዘመቻ ነበር። ሞልተን ኮር ወደተባለው የእሳት ዋሻ ለመዝመት 40 ሰው በአንድ ሰዓት ኮምፒውተሩ ላይ መቀመጥ ነበረበት። ታንክ የሚባሉት ከፊት ሆነው ምት ይቀበላሉ፣ ሂለሮች ከኋላ ሆነው ያክማሉ፣ የቀሩት ያጠቃሉ። አንዱ ከተሳሳተ አርባውም ሊያልቁና እንደገና ሊጀምሩ ይችላሉ። የዋሻው አውሬ ሲወድቅ የሚገኘው ምርኮ ደግሞ ጥቂት ዕቃ ነው፤ ለ40 ሰው አይዳረስም። ስለዚህ ጊልድ የሚባሉት ማኅበራት ማን ስንት ዘመቻ ላይ እንደተገኘ እየመዘገቡ ነጥብ ይሰጣሉ፣ ዕቃው ሲመጣም ነጥብ ያጠራቀመ ይወስዳል። ዲኬፒ የተባለው ይህ ሥርዓት ከዚያ በፊት በ1999 በወጣው ኤቨርክዌስት ተጫዋቾች ዘንድ የተጀመረ ነው። ልክ እንደ ዕቁብ ጸሐፊ ደብተር የሚይዝ፣ የቀረውን የሚቀጣ፣ ጠብ የሚያበርድ ሰው ያስፈልጋል። ከዚህ የወጣው ሃርድኮር ማንነት የተገነባው በጣት ፍጥነት ብቻ አልነበረም፤ ቃል ሰጥቶ በሰዓቱ መገኘት ትልቁ መለኪያ ነበር። ልጅ ያላትና የሌሊት ፈረቃ የምትሠራ ነርስ ምን ያህል ጎበዝ ብትሆን በዚህ ሥርዓት ካዡዋል ሆና ትቀራለች።

ብሊዛርድ በሩን ቀስ በቀስ አሰፋው። በ2007 የጨዋታው የመጀመሪያ ማስፋፊያ ሲወጣ የአዳዲሶቹ ዘመቻዎች ቁጥር ወደ 25 እና ወደ 10 ሰው ወረደ። በ2011 መጨረሻ ደግሞ ሬይድ ፋይንደር የተባለው መሣሪያ መጣ፤ ጊልድ የሌለው ሰው ወረፋ ይዞ ከማያውቃቸው ጋር ቀለል ባለ ደረጃ ይዘምታል። ብዙዎች የጨዋታውን መጨረሻ ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይናቸው አዩ። የድሮዎቹ ደግሞ ልፋታችን ረከሰ ብለው ተቆጡ። ቅሬታቸው ከቅናት የመነጨ ብቻ አልነበረም፤ በየሳምንቱ የሚገናኙበት ማኅበር ከሰው ፊት ወደ ወረፋ ሲለወጥ የጠፋ ነገር ነበረ። በ2019 የድሮው ጨዋታ ክላሲክ በሚል ስም ሲመለስ አርባ ሰው የሚጠይቀው ዘመቻም አብሮ ተመለሰ። በ2023 ኩባንያው ሃርድኮር የተሰኙ ልዩ ሰርቨሮች ከፈተ፤ እዚያ ገጸ ባሕሪው አንዴ ከሞተ አይነሣም፣ የወራት ልፋት በአንድ ስህተት ያበቃል። ይህ አንዴ የመሞት ሕግ በ2000 በወጣው ዲያብሎ 2 ውስጥ አስቀድሞ ይታወቅ ነበር። ዛሬ አንዱ ጨዋታ ሁለቱንም ዓለም ይዟል፤ ብዙዎችም እንደ ኑሯቸው ሁኔታ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሸጋገራሉ።

ከኦንላይን ዓለም ውጭ የጌምን ክልል ያሰፉት ጥቂት መሣሪያዎች ናቸው። በ1990 ከዊንዶውስ 3.0 ጋር የመጣው የካርታ ጨዋታ ሶሊቴር ጌምን ቢሮ አስገባ። የኒንቴንዶው ዊ ኮንሶል በ2006 ሲወጣ ቁልፍ ከማስጠናት ይልቅ ክንድን ማወዛወዝ በቂ አደረገ፤ ከ100 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ፣ አረጋውያን ማቆያዎች ውስጥም ቦውሊንግ አጫወተ። የአፕል የመተግበሪያ መደብር በ2008 ከተከፈተ በኋላ ደግሞ ስማርት ስልክ ያለው ሁሉ ጌም በኪሱ ያዘ።

በኢትዮጵያ ከተሞች ጉዳዩ ሌላ መልክ አለው። ኮንሶል ቤት ውስጥ ያለው ጥቂት ሰው ስለሆነ ብዙ ወጣት ጌም ያወቀው ፕሌይስቴሽን ቤት ወይም ጌም ዞን በሚባሉት ክፍሎች ነው። ሁለት ልጆች ጆይስቲክ ይዘው በአንድ ስክሪን ፊት የእግር ኳስ ጌም ይጫወታሉ፣ ተረኞቹ ከኋላቸው ቆመው ያያሉ፣ ይተቻሉ፣ ይሳደባሉ። ክፍያው በጨዋታ ወይም በሰዓት ነው፤ ተሸናፊው እንዲከፍል መወራረድም የተለመደ ነው። በዚህ ቤት ሃርድኮርነት የሚለካው ባለው ዕቃ ሳይሆን በሰፈር ዝና ነው። ኮንሶል ኖሮት የማያውቅ ልጅ የሰፈሩ አይበገሬ ሊሆን ይችላል። በሌላ በኩል አገር በቀሉ ቅኔ ጌምስ በስልክ የሚሠራውን፣ ዶሮዋ እያመለጠች የምትሮጥበትን ኩኩሉን ሠርቷል፤ ማንም በደቂቃ የሚለምደው ዓይነት ነው። ከውጭ የመጡት ሁለት ምድቦች ለዚህ ልማድ ልኩ አይደሉም፤ ሰፈር ውስጥ ጌም መጫወት ማለት አብሮ መዋል ነውና።

የአስቸጋሪነት ጥያቄ እስካሁን አልተቋጨም። የጃፓኑ ፍሮምሶፍትዌር በ2019 ሴኪሮ የተባለውን ጨዋታ ሲያወጣ ቀላል ምርጫ አላስቀመጠለትም፤ ለአካል ጉዳተኞችና ጊዜ ለሌላቸው ሊኖረው ይገባል የሚሉትና የሥራው ነፍስ ይጠፋል የሚሉት አጥብቀው ተከራከሩ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የወጣው ሴለስት የተባለ ጨዋታ ግን ከባድነቱን ሳይቀንስ ፍጥነቱንና ሕጉን ተጫዋቹ ራሱ እንዲያስተካክል የሚፈቅድ ምርጫ አክሎ ነበር። አንዱ ሰው ቀለል አድርጎ በመጫወቱ የሌላው ድል አልተነካም። ስለዚህ በዚህ ክርክር ሚዛኑ ምርጫ መስጠትን ወደሚደግፉት ያደላል።

ሃርድኮር መሆን ከሱስ ጋር በአንድ ላይ ሲነሣ ይሰማል፤ ይህ መታረም አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ያጸደቀውና ከጥር 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የበሽታዎች ምደባ የጌም ችግርን በይፋ መዝግቧል። መስፈርቶቹም ሦስት ናቸው፤ ጨዋታውን መቆጣጠር አለመቻል፣ ከሌላው የሕይወት ጉዳይ ሁሉ ጌምን ማስቀደም፣ ጉዳት እየደረሰ እንኳ መቀጠል። ይህም ኑሮን፣ ትምህርትን ወይም ሥራን በግልጽ የሚያናጋና በተለምዶ ቢያንስ 12 ወር የቆየ መሆን አለበት። በቀን ይህን ያህል ሰዓት የተጫወተ ታማሚ ነው የሚል መስመር በምደባው ውስጥ የለም።